የልጄን ማልያ በመቀስ ቆረጥኩት

ስሜ ይቆየኝ። ብዕር ያነሣሁት ሰው ለማማት አይደለም፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ ጥፋተኛ ከተፈለገ አንደኛው እኔው ነኝ። የምጽፍላችሁ ከጆሃንስበርግ ነው። ሆሳዕናን ለቅቄ፣ ኬንያን፣ ታንዛኒያን፣ ማላዊንና ሞዛምቢክን አቆራርጬ ደቡብ አፍሪካ የገባሁት በ2003 ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። እዚህ ኖሬ ኖሬ የእኛው እየጠፋብኝ ነው፤ ይቅር በሉኝ።) የመንገዱን ጉድ አልተርክም። በእኛ አካባቢ ሰው ያልወጣበት ቤት ስለሌለ ሁሉም ያውቀዋል።

እዚህ እንደመጣ ሐበሻ ሁሉ እኔም በብርድ ልብስና በአልጋ ልብስ ጀመርኩ። ጠዋት ጄፒ ከሚባለው፣ የሐበሻ ጅምላ ሻጭ ከሞላበት ጎዳና ዕቃ አነሣለሁ፤ ተሸክሜ ሎኬሽን እገባለሁ። ሎኬሽን የምንለው የጥቁሮቹን ሰፈር ነው። ቤት ለቤት እያንኳኳሁ በዱቤ እሰጣለሁ፤ ወር ሲደርስ ገንዘቤን ልለቅም እዞራለሁ። ያገኘ ይከፍላል፣ ያላገኘ ውሻውን ይለቅብሃል። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ጥቂት ስቋጥር ባለቤቴን አስመጣኋት። በ2006 ወንድ ልጅ ወለድን። ኋላም እዚያው ሎኬሽን ውስጥ የአንድ አዛውንት ጋራዥ ተከራይቼ ዳቦ፣ ስኳር፣ ዘይትና ሲጋራ የምሸጥባት ሱቅ ከፈትኩ። አዛውንቱን «ማዳላ» ነው የምላቸው። በእነሱ አፍ ሽማግሌው እንደማለት ነው፣ ንቀት የለበትም።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። እኔ የኳስ ሰው ነኝ። ስደት ደግሞ ይህን ነገር ያብስብሃል። አገር ቤት እያለሁ ብሔራዊ ቡድናችን ሲሸነፍ «ድሮስ!» ብዬ ሻዬን እጠጣ የነበርኩ ሰውዬ፣ እዚህ ከመጣሁ በኋላ መዝሙሩ ሲሰማ እንባዬ ይቀድመኝ ጀመር። ሰዉ ኳስ ይመስለዋል። ኳስ አይደለም። ዓመቱን ሙሉ «ከየት ነህ?» እየተባልክ፣ ወረቀትህን እያሳየህ፣ አንገትህን ደፍተህ ስትኖር፣ በዘጠና ደቂቃ ውስጥ ቀና የምትልባት ነገር ናት።

በጃንዋሪ 2013 የአፍሪካ ዋንጫ እዚሁ ሲዘጋጅ ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ መጣች። የመጀመሪያው ጨዋታ ኔልስፕሩት ነው፣ ከዋንጫው ባለቤት ከዛምቢያ ጋር። ሱቄን ዘጋሁ። አሥራ አራት ሆነን አንድ ሚኒባስ ተከራየንና ከሦስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ እየጨፈርን ሄድን። ልጄ ስድስት ዓመቱ ነበር፤ ፊቱን አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ቀብቼ ትከሻዬ ላይ አስቀመጥኩት። የስታዲየሙን ነገር ምን ልበላችሁ! ከየሎኬሽኑ፣ ከየገጠሩ ሱቅ የመጣ ሐበሻ ሞልቶት አዲስ አበባ ስታዲየም ያለሁ መሰለኝ። ሳላዲን ፍጹም ቅጣት ምት ሳተ። በረኛችን በቀይ ካርድ ወጣ። የዚያን ጊዜ ሕዝቡ ቩቩዜላውን ወደ ሜዳ መወርወር ጀመረና ጨዋታው ቆመ። አልዋሽም፣ አንዱን የወረወርኩት እኔ ነኝ። በአሥር ሰው ስንጫወት ዛምቢያ አገባብን። ከዕረፍት በኋላ አዳነ ግርማ ሲያገባ ልጄን ወደ ላይ ወርውሬ መቅለቤን ብቻ ነው የማስታውሰው። አንድ ለአንድ ወጣን። ከዚያ በቡርኪና ፋሶ አራት ለባዶ፣ በናይጄሪያ ሁለት ለባዶ ተሸንፈን ከምድቡ ወደቅን፤ ግን ማን ግድ አለው? ማታ በመመለሻችን ልጄን «ይኼ ነው ያንተ አገር» አልኩት። እሱ ግን ተኝቶ ነበር።

በዚያው ዓመት ጁን 16 ቀን ደቡብ አፍሪካ አዲስ አበባ ላይ ከእኛ ጋር ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ተጫወተች። ጄፒ ከሚገኝ አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ውስጥ ተጨናንቀን ነበር ያየነው። ፓርከር የሚባለው የእነሱ አጥቂ አስቀድሞ አገባብን፣ ጌታነህ ከበደ አቻ አደረገን፣ ከዕረፍት በኋላ ያው ፓርከር በራሱ ግብ ላይ አስቆጠረልን። ሁለት ለአንድ! ጠረጴዛው ተገለበጠ፣ ቢራው ፈሰሰ። (ኋላ በቦትስዋናው ጨዋታ ቅጣት ላይ ያለ ተጫዋች አሰልፋችኋል ተብለን ሦስት ነጥብ ተቀነሰብን፤ እሱ ሌላ ሕመም ነው፣ አልነካካውም።) ልጄን ብፈልገው ከጥግ ቁጭ ብሎ ያለቅሳል። «እሰይ የኔ ልጅ! ደስታው በዝቶበት ነው» ብዬ ለሰው አሳየሁት። ሁሉም ሳመው፤ ገንዘብም የሰጠው አለ። ወደ ቤት ስንሄድ «አባዬ፣ ፓርከር ለምን በራሳችን ላይ አገባ?» አለኝ።

በራሳችን ነው ያለው። ሰምቼ እንዳልሰማ ሆንኩ። ልጅ ነው፣ ይተወዋል አልኩ።

አልተወውም። ከፍ ሲል ደግሞ ከኳሱ ወደ ራግቢ ተዛወረ። ትምህርት ቤቱ የራግቢ ቡድን ነበረውና ልጄ እዚያ ገብቶ ዓመት ሙሉ ሲጫወት እኔ አላውቅም። እናቱ ታውቃለች። ጭቃ የጠጣውን ቱታውን እኔ ሳልመጣ አጥባ፣ ከጓሮ አስጥታ፣ ተኩሳ ትደብቃለች። ባሎች ሆይ፣ በቤታችሁ ስለሚሆነው ነገር እኩሌታውን እንኳ የምታውቁ እንዳይመስላችሁ።

ጨዋታውን ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ኳሱ እንቁላል ነው የሚመስለው። በየቡድኑ አሥራ አምስት ሰው ሆነው ሰማንያ ደቂቃ ይጫወታሉ። ኳሱን አቅፎ መሮጥ ይቻላል፣ በእጅ ማቀበል ግን ወደኋላ ብቻ ነው። የያዘውን ሰው ወገቡን አንቆ መጣል ሕጋዊ ነው። ከመስመሩ ማዶ አድርሶ መሬት ያስነካ አምስት ነጥብ ያገኛል፣ ከዚያ በረጃጅሞቹ ቋሚዎች መካከል ከመታ ሁለት ይጨመርለታል። ስክረም የሚሉት ነገር አላቸው፦ ከየወገኑ ስምንት ስምንት ጎረምሳ አንገት ላንገት ተቆላልፎ እንደ በሬ ይገፋፋል። መጀመሪያ ሳየው «ፖሊስ የለም እንዴ እዚህ አገር?» ነው ያልኩት።

ብሔራዊ ቡድኑ ስፕሪንግቦክ ይባላል፤ ማልያው አረንጓዴ ሆኖ አንገቱ ላይ ወርቃማ ነው። ልጄ ይህን ማልያ ለመነኝ። እንቢ አልኩ። እናቱ ከዕቁቧ ቀንሳ ገዛችለት። ይህንንም አላውቅም ነበር።

ሴፕቴምበር 2019 ገባ። የውጭ ሰው ይውጣ የሚለው ሁከት በዚያ ሰሞን ጆሃንስበርግን አናወጣት። በ2008ና በ2015 የደረሰውን ሰምታችሁ ይሆናል፤ ያን ጊዜ እኔን ዘልሎኝ ነበር። በዚህኛው ተራዬ ደረሰ። ማዳላ ቀድመው ስልክ ደውለው «ልጄ፣ ዛሬ እንዳትመጣ» አሉኝ። እኔ ግን የዱቤ ደብተሬ እዚያ ነበርና ሄድኩ። ከመንገዱ ማዶ፣ ከአንድ ቤት አጥር ጀርባ ተደብቄ ሱቄ ሲዘረፍ አየሁ። በሩን ነቀሉት። ስኳሩን በጆንያ፣ ዘይቱን በካርቶን አወጡት። ፍሪጁን ሦስት ሆነው ሲያወጡ አንደኛውን አወቅሁት፤ በየጠዋቱ ግማሽ ዳቦ በዱቤ የሚወስድ ጎረምሳ ነው። የለበሰው ያንን አረንጓዴ ማልያ ነበር። እየሳቀ ነበር። ማዳላ በከዘራቸው እየመቱ «የኔ ቤት ነው! የኔ ቤት ነው!» ሲሉ ገፍትረው ጣሏቸው።

ከዚያ በኋላ ያንን ማልያ በመንገድ ባየሁ ቁጥር ሆዴን ያመኝ ነበር። አገሩ ደግሞ በማልያው ተጥለቅልቋል፤ በዚያው ሴፕቴምበር የራግቢ ዓለም ዋንጫ ጃፓን ላይ ተጀምሮ ነበርና።

ደቡብ አፍሪካ ለፍጻሜ ደረሰች። በዋዜማው ዓርብ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች አረንጓዴ ለብሰው እንዲመጡ ፈቅደው ነበር። ማታ በሬን ስከፍት ልጄ ያንን ማልያ ለብሶ ሳሎን መሐል ቆሟል። አሥራ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ቁመቱ እኔን ሊያክል ምንም አልቀረው። ዓይኔ ላይ የታየኝ ግን ልጄ አይደለም፣ ፍሪጄን የተሸከመው ጎረምሳ ነው።

«አውልቀው» አልኩት።

«ለምን?»

«አውልቀው ብያለሁ!»

አውልቆ ሰጠኝ። ከእናቱ የስፌት ሣጥን መቀስ አነሣሁና ከአንገቱ እስከ ወገቡ ተረተርኩት። ባለቤቴ «ኧረ በማርያም!» እያለች እጄን ያዘች፤ ገፋኋት። ልጁ አላለቀሰም። ራቁቱን እንደቆመ፣ በዚያ እንግሊዝኛ በቀላቀለው አማርኛው እንዲህ አለኝ፦ «አባዬ፣ አንተ ከኢትዮጵያ የወጣኸው እዚያ ስላሠሩህና ስለደበደቡህ አይደለም እንዴ? እናቴ ነግራኛለች። ታዲያ የነሱን ማልያ ለምን ትለብሳለህ?»

መልስ አልነበረኝም። ዛሬም የለኝም። ጀርባዬ ላይ ያለውን ጠባሳ የተቀበልኩት ከባዕድ እጅ አልነበረም፤ ኔልስፕሩት ላይ ግን አዳነ ሲያገባ ጠባሳዬ ትዝ ብሎኝ «ለእነዚህ አልጮህም» አላልኩም። ታዲያ ለራሴ የፈቀድኩትን ለልጄ ለምን ከለከልኩ? ሌሊቱን ሙሉ ስገላበጥ አደርኩ። በ1990 ኖርማን ቴቢት የሚባል የእንግሊዝ ፖለቲከኛ፣ ስደተኛ የአገሩ ሰው መሆን አለመሆኑ የሚታወቀው በክሪኬት ጨዋታ ለማን እንደሚጮህ በማየት ነው ብሎ ብዙ ሰው እንዳስቀየመ አንድ ቦታ አንብቤ ነበር። ያን ጊዜ «ይኼ ዘረኛ!» ብዬ ተሳድቤያለሁ። እሱ ስደተኛውን የፈተነበትን ፈተና እኔ በራሴ ሳሎን ልጄ ላይ ደገምኩት። ልዩነቱ እኔ መቀስ መያዜ ነው።

በማግስቱ ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 2፣ ልጁ ሳይነግረን ከቤት ወጣ። እኔም ከቤት ሸሽቼ የጋራዡን በር ለማሠራት ሎኬሽን ሄድኩ። ማዳላ በመስኮት አይተው ጠሩኝ። እሳቸው የወደቁበት ወገባቸው ገና አልዳነም። «ና፣ ብቻዬን አላየውም» አሉኝ። አፍሬ ተቀመጥኩ። የሆነውንም ሁሉ ነገርኳቸው።

ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ «እኛ ለዚህ ማልያ ስንጮህ የኖርን ይመስልሃል?» አሉኝ። በአፓርታይድ ዘመን ማልያው የነጮቹ ስለነበር ጥቁሩ ስታዲየም ከገባም በተከለለለት ጥግ ቆሞ የሚጮኸው ለእንግዳው ቡድን ነበር። በ1976 የኒውዚላንድ ቡድን ሲመጣ፣ በሶዌቶ ተማሪዎች በተረሸኑበት ሰሞን፣ ማዳላም ለኒውዚላንድ ነበር የጮኹት። «የአገርህ ሰዎች ደግሞ» አሉኝ «በዚያ ጨዋታ ምክንያት ሞንትሪያል ኦሊምፒክ ሳይወዳደሩ ቀሩ። ታውቃለህ?» አወቅሁ! የምሩፅ ይፍጠር ነገር ነዋ! ኒውዚላንድ ከዘረኞቹ ጋር ራግቢ ተጫውታ ለምን ኦሊምፒክ ትገባለች ብለው የአፍሪካ አገሮች ሲቀሩ ኢትዮጵያም ቀረች፤ ምሩፅ ሁለቱን ወርቅ ለማግኘት ሞስኮን፣ 1980ን መጠበቅ ነበረበት። ይህን ታሪክ ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ፤ ምክንያቱ ይህ ቡድን መሆኑን ግን አላስተዋልኩም ነበር። ማርሽ ቀያሪውን ያስቀረብንን ማልያ ነው ልጄ የሚወደው።

«ታዲያ እንዴት ተቀየሩ?» አልኳቸው።

በ1995 ኤሊስ ፓርክ ላይ ማንዴላ ያንን ማልያ ለብሰው ሲወጡ እሳቸው ተቆጥተው ቴሌቪዥኑን ዘግተው እንደነበር ነገሩኝ። ማንዴላ 27 ዓመት ያሠሯቸውን ሰዎች ማልያ ለበሱ! ያን ጊዜ በቡድኑ ውስጥ ነጭ ያልሆነ ተጫዋች አንድ ቼስተር ዊሊያምስ ብቻ ነበር። (ያ ሰው ያረፈው ሱቄ በተዘረፈበት በዚያው ሴፕቴምበር ነው።) «እኔ የተቀየርኩት ቀስ ብዬ ነው» አሉ ማዳላ። «ዓመታት ፈጀብኝ። ግን ማልያው የሌባው ነው ካልክ፣ ፍሪጅህን ብቻ ሳይሆን ማልያውንም አንተው ሰጠኸው ማለት ነው።»

ጨዋታው ተጀመረ። ከእንግሊዝ ጋር ነው። ስክረም በገቡ ቁጥር አንድ ግዙፍ ጥቁር ሰው እንግሊዞቹን ወደኋላ ይነዳቸዋል። ማዳላ «ቢስት!» እያሉ ሶፋውን ይመታሉ። ቴንዳይ ምታዋሪራ ነው፤ የሐራሬ ልጅ፣ የዚምባብዌ ተወላጅ። በ2010 ዜግነት የለውም ተብሎ ክርክር ተነሥቶበት በዚያው ዓመት ነው ወረቀቱን ያገኘው። ከተማው ዚምባብዌያውያንን ሲያባርር ከከረመ ሁለት ወር ሳይሞላው ለአንድ ዚምባብዌ ተወላጅ ይጮሃል! ሳቄ መጣ። ከስንት ጊዜ በኋላ ነበር የሳቅሁት። 32 ለ12 አሸነፉ። ኮሊሲ፣ የመጀመሪያው ጥቁር አምበል፣ ዋንጫውን ሲያነሣ ማዳላ አለቀሱ። ኮሊሲ በ2007ቱ ፍጻሜ ጊዜ ቤታቸው ቴሌቪዥን ስላልነበር ጨዋታውን ያየው ከአንድ የሰፈር መጠጥ ቤት ገብቶ ነበር። ልጄም ያን ሰዓት ቴሌቪዥን ፍለጋ ሰው ቤት መሄዱ ታወሰኝና ተነሥቼ ወጣሁ።

አዲስ ማልያ ገዛሁለት። አመሰገነኝና ሣጥን ውስጥ አስቀመጠው። የሚለብሰው እናቱ የሰፋችለትን አሮጌውን ነው። አረንጓዴ ክር ስላጣች በነጭ ክር ነው የሰፋችው፤ ከአንገቱ እስከ ወገቡ እንደ ቀዶ ጥገና ጠባሳ ይታያል። ለሦስት ሳምንት ያህል ከ«እሺ»ና ከ«የለም» ሌላ ቃል አልወጣውም። በሚቀጥለው ዓመት የጨዋታ ወቅት ሲጀመር ሳልጠራ ሄጄ ከሜዳው ዳር ቆምኩ። ገና በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች አንድ ድንቡሼ ልጅ መጥቶ ልጄን ወገቡን አንቆ ሲጥለው «ልቀቀው አንተ!» ብዬ በአማርኛ ጮህኩ። ሜዳው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ልጄ ከጭቃው ሲነሣ እየሳቀ ነበር።

በጄፒ ወዳጆቼ ግን አልወደዱልኝም። «ልጅህን ሸጥከው» ያለኝ አለ። «ወረቀቱ እኮ እንደኛው የስደተኛ ነው፤ እነሱ ላልተቀበሉት እሱ ምን አግብቶት?» ያለኝ አለ። ይኼኛው ይከነክነኛል፣ ምክንያቱም እውነት ነው። ልጁ የሚጮህላት አገር ልጄ አላለችውም። ወረቀቱ አይቀድምም ሲለኝ ሌላ ቀን «አይቀድምም» እላለሁ፣ ሌላ ቀን ደግሞ እንቅልፍ ያሳጣኛል።

ኦክቶበር 28 ቀን 2023 ፓሪስ ላይ ከኒውዚላንድ ጋር ለፍጻሜ ሲደርሱ ሦስታችንም ቤት ነበርን። ልጄ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው፤ አሮጌው ማልያ ጠቦት እምብርቱ ሊታይ ነው። 12 ለ11 እየመሩ፣ ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ኒውዚላንዶች ከሩቅ ቅጣት ምት አገኙ። መቺው ቆመ። እኔ ሳላውቀው ተነሥቻለሁ። ኳሱ በጎን ሲያልፍ የጮህኩትን ጩኸት ባለቤቴ ኔልስፕሩት ላይ ከጮህኩት ይበልጣል ትላለች። አላምናትም።

በማግስቱ እሑድ ጠዋት ሱቄን ስከፍት የመጀመሪያው ደንበኛዬ ያ ጎረምሳ ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ ነው እፊቴ የቆመው፤ ድምፁ በጩኸት ጠፍቷል፣ ያንኑ ማልያ ለብሷል። «አሸነፍን እኮ፣ ወንድሜ!» ብሎ በመስኮቱ ብረት መካከል እጁን ሰደደልኝ። ጨበጥኩት። ከዚያ ግማሽ ዳቦ ጠየቀኝ፣ ወር ሲደርስ እከፍላለሁ አለ።

«ዱቤ የለም» አልኩት።